እዚያ ሚዛኑ የእኔ አይደለም
(በሬዲዮ ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! ዛሬ ወደ አኼራ ስለቀደመን ዘመድ፣ በተለይም ጨዋታ አዋቂና ቸር ስለነበረ ዘመድ ጥቂት እንነጋገራለን። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ለቅሶ ቤቱ ራሱ ሌላ ነው። ሰው እያለቀሰ ይስቃል፤ ስቆ ሳይጨርስ ደግሞ እንባው ይመጣል። ይህን ያወቅሁት የእናቴን ወንድም ከቀበርን ወዲህ ነው።

አጎቴ ደሴ ውስጥ እህል ነጋዴ ነበሩ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ መድረሳ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ኋላም ኮሌጅ ስገባ የቤት ኪራዬን የከፈሉልኝ እሳቸው ነበሩ። በምሳ ሰዓት በራቸው ተዘግቶ አያውቅም። እንግዳ "ጠገብኩ" ብሎ እጁን ሲሰበስብ፣ "የጠገበው ሆድህ ነው ወይስ ይሉኝታህ? ሆድህ ከሆነ አልሐምዱሊላህ በል። ይሉኝታህ ከሆነ ግን ውጭ አስቀምጠውና ብላ፤ ስትወጣ ታገኘዋለህ" ይሉት ነበር።

ኢማም ከሆንኩ በኋላ እኔንም አልማሩኝም። አንድ ጁምዓ ኹጥባውን አስረዝሜ ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝና "ሸኹ፣ የዛሬው ትምህርት ስለ ምን ነበር?" አሉኝ። "ስለ ዘካ" አልኳቸው። "እኔ ደግሞ ስለ ሶብር መስሎኝ ስታገስ ቆየሁ!" አሉ። ከዚያ ወዲህ ኹጥባዬ አጥሯል።

በዱቤ እህል የሚወስድ ሰው "ድንገት ቢሞቱስ ለማን ልክፈል?" ብሎ ሲጠይቃቸው ደግሞ፣ "ከሞትኩማ ተከትለኸኝ እንዳትመጣ፤ እዚያ ሚዛኑ የእኔ አይደለም" ይሉታል። ገበያተኛው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ከዱንያ የተለዩ ዕለት የሰፈሩ ቅሬ በሙሉ ወጣ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ቀበረ። እኔም እንደ ደንቡ "በሟች ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ ይናገር" ብዬ ጠየቅሁ። ዝናብ እያካፋ ስለነበር ግን መልስ ለመስማት ብዙም አልቆየሁም። ሦስቱ የተዕዚያ ቀናት ቀልዳቸውን ስናወራ አለፉ።

ከሳምንታት በኋላ ልጆቻቸው የዱቤ ደብተራቸውን አመጡልኝ። ለሰው ያበደሩት አብዛኛው በገዛ እጃቸው ተሰርዟል። መጨረሻው ገጽ ላይ ግን ያልተሰረዘ ነገር ነበር፤ የዘጠኝ ኩንታል ጤፍ ዋጋ። ከጎናቸው ካለው ክርስቲያን ነጋዴ በቃል ብቻ ወስደው ለተቸገሩ ጎረቤቶች ያከፋፈሉት እህል ነው። ያ ነጋዴ በቀብሩ ዕለት ከፊቴ ቆሞ ነበር። እሱ ይሉኝታ ይዞት ዝም አለ፤ እኔ ደግሞ ቸኮልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የጠየቅሁት ለደንቡ ያህል እንጂ ለመስማት አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ልጆቹ ለአርባው ቀን ሰደቃ በሬ ገዝተው ነበር። "ዕዳው ይቅደም" ስላቸው ቅር አላቸው። "አባታችን ስንቱን ያበላ ሰው! በሬው ካልታረደ ሰው ምን ይለናል?" አሉኝ።

ውድ አድማጮች! ለሟች ሰደቃ ማውጣት መልካም ነገር ነው። ሆኖም ሸሪዓችን ቅደም ተከተል አለው። ከሟች ንብረት መጀመሪያ የከፈኑና የቀብሩ ወጪ ይወጣል። ቀጥሎ ዕዳው ይከፈላል። ከዚያ ከሲሶ የማይበልጥ ኑዛዜው ይፈጸማል። የተረፈው ለወራሾች ነው። ዕዳ ሳይከፈል የሚታረድ በሬ የሚታረደው በሌላ ሰው ገንዘብ ነው።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ የአንድ ሰው ጀናዛ በመጣ ጊዜ ዕዳ እንዳለበት ጠየቁ። ጥቂት ዲናር እንዳለበት፣ የሚከፈልበትም ነገር እንዳልተወ ሲነገራቸው "እናንተ ስገዱበት" ብለው ራሳቸው ከመስገድ ተቆጠቡ። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) "እኔ እከፍልለታለሁ" ሲል ነው የሰገዱበት። እንግዲህ የጥቂት ዲናር ነገር ይህን ያህል ከከበደ፣ የእኛ ዝምታ ምን ሊባል ነው?

ደግሞም የነብዩን የአጎት ልጅ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ.) እናስታውስ። ወደ ሀገራችን ሐበሻ ተሰዶ በነጃሺ ፊት ስለ እስልምና የተናገረው እሱ ነው። ቸርነቱን የመሰከረለት አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ነው። ጀዕፈር ድሆችን ቤቱ ወስዶ ያለውን ሁሉ ያበላቸው ነበር። ምንም ሲያጣ ባዶውን የቅቤ አቁማዳ እንኳ ያወጣላቸውና ቀደው የተጣበቀውን ይልሱ ነበር። ይህ ሰው በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ሙዕታ ላይ ሲሰዋ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ። ያን ያህል ላበላው ሰው ቤት ጎረቤት ምግብ ይዞ ሄደ እንጂ፣ ሐዘንተኞቹ እንዲደግሱ አልተጠየቁም።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ትልቁ ልጅ ረጅም ጊዜ አቀርቅሮ ቆየና "እዚያ ሚዛኑ የእኔ አይደለም ይሉ የነበረው ቀልድ አልነበረም ማለት ነው" አለ። በሬው ተሸጠ፤ የጎደለውን አዋጥተን ሞላን። ነጋዴው መጀመሪያ አልቀበልም ብሎ ነበር። "ይሉኝታህን ውጭ አስቀምጠው" ስንለው ሳቀና እንባው መጣ። ገንዘቡን ተቀብሎ "እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር" አለን። እኔ የአጎቴን ሐዘን የተወጣሁት በዚያ ቀን ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ! የሟችን ጨዋታ ማውራት ደግ ነው፤ በመልካም ማንሳትም ይገባናል። ነገር ግን ጨዋታውን ስንወርስ ሸክሙንም እንውረስ። በቀብሩ ላይ ስለ ዕዳ የምትጠይቁ ሰዎች ቆም ብላችሁ ስሙ። ይሉኝታ የያዘውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁት። በሕይወት ያለንም ዕዳችንን እንጻፍ፤ ከቅዱስ ቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገረው መሆኑን አንርሳ። ሟቹ ይጠይቃቸው የነበሩትንም አንተዋቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ካለፈች በኋላ በግ ሲያርዱ ለጓደኞቿ ሥጋ ይልኩላቸው ነበር።

የአጎቴ ሱቅ ዛሬ በልጃቸው እጅ ነው። በምሳ ሰዓት በሩ አሁንም አይዘጋም።

አላህ ለእሳቸውም፣ ለቀደሙን ሁሉም ይዘንላቸው፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ሚዛናቸውን በመልካም ሥራ ያክብድላቸው። እኛንም የሰው ሐቅ ሳይኖርብን ይውሰደን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።