ትእዛዝና ተሰጥዎ

የሰው ልብ ድንገት ሲቆም በድንገተኛ ሕክምና ክፍል ሕሙሙን የከበቡት ባለሙያዎች ከመድኃኒትና ከመሣሪያ ባላነሰ የሚታመኑት በድምፃቸው ነው። አንደኛው ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እየተጫነ ጮክ ብሎ ይቈጥራል። መሪው ሐኪም ማንንም ሳይጠራ «አድሬናሊን ስጡ» ያለ እንደ ሆነ፣ ሁሉም ሌላው ይሰጣል ብሎ ሊቀር፣ አለዚያም ሁለት ሰው ሊሰጥ ይችላልና፣ ሥርዓቱ ነርሷን በስሟ ጠርቶ «አድሬናሊን 1 ሚሊግራም በደም ሥር» እንዲል ያዝዘዋል፤ እርስዋም ቃሉን እንዳለ ትደግማለች፣ ሰጥታ ስትጨርስም «ተሰጥቷል» ትላለች። ቅዳሴ ያለ ሕዝቡ ተሰጥዎ እንደማይፈጸም ሁሉ፣ ይህም ትእዛዝ ያለ ምላሽ እንደ ተፈጸመ አይቈጠርም።

ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ቃል ግን ቀላሉ ነው፤ እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ከታች ወደ ላይ መውጣት የሚገባው ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር አንዲት ወይዘሮ ለቀላል ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ከተሰጣት በኋላ አየር ወደ ሳንባዋ መግባት አቃተው፤ ልምድ ያላቸው ሐኪሞችም ቱቦውን በአፏ ለማስገባት ደጋግመው ሲታገሉ ጊዜው እንደ ነጐደ አላስተዋሉም። አንዲት ነርስ ጕሮሮ የሚቀደድበትን መሣሪያ አምጥታ መዘጋጀቱን ተናገረች፤ ሌላይቱም በጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ አስይዛ ብትነግራቸው፣ ቀና ብለው ሲያዩዋት ነገሩን ያበዛች መስሏት አልጋውን መለሰች። ወይዘሮዪቱ ከ13 ቀን በኋላ ዐረፈች። ነርሶቹ መደረግ የሚገባውን ዐውቀው ሳለ፣ እንዴት አድርገው እንደሚያነሡት ግን ቸግሯቸው ነበር።

የወይዘሮዪቱ ባለቤት ማርቲን ብሮሚሊ አውሮፕላን አብራሪ ነበርና፣ በእርሱ ሙያ ረዳቱ ካፒቴኑን አስረግጦ መናገርን እንደ ግዴታ ይማራል፤ ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2007 ይህን ትምህርት በሕክምናው ዓለም የሚያስፋፋ ማኅበር አቋቋመ።

ታላቅን በማክበር ላደግን ለእኛ ይህ ለታላቅ ደፍሮ የመናገር ችግር እጅግ ቅርብ ነው። «ዶክተር፣ ምናልባት…» ተብሎ የተጀመረ የአክብሮት ቃል በዚያ ሁካታ መካከል ሰሚ አያገኝም፤ «ዶክተር፣ ኦክስጅኑ ወርዷል፣ ቱቦው አልገባም፣ አሁን ጕሮሮው ይቀደድ» የሚለው ግን አክብሮቱን ሳይለቅ ይሰማል። ይህም እንዲሆን መሪው አስቀድሞ በሩን መክፈት ይገባዋል፤ የሠለጠነ መሪ በሥራው መካከል ያየውንና ያሰበውን ለሁሉም ጮክ ብሎ ይናገርና፣ «ያልታየኝ ነገር አለ?» ብሎ ከሁሉ ታናሽ የሆነችውን ተለማማጅ ሳይቀር ይጠይቃል።