ስለ ቤት ራውተርና ስለ ፋይል ማኅደሩ

የዛሬው ንግግራችን፥ በየሳሎናችን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጦ መብራቱን ብልጭ ድርግም ሲያደርግ ስለሚውለው፥ ኢንተርኔቱ ካልተቋረጠ በቀር ግን ማንም ዘወር ብሎ ስለማያየው ስለ ዋይፋይ ራውተር ነው፤ ይልቁንም በጀርባው ወይም በጎኑ በሚገኘው የዩኤስቢ መሰኪያ ላይ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ሰክቶ፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ በኅብረት የሚገለገልበት የፋይል ማኅደር ለማድረግ የሚሻ ሰው፥ ዕቃውን ከመግዛቱ አስቀድሞ ሊመረምረው ስለሚገባ ነገር ነው።

ዲስኩ በራውተሩ ላይ ከተሰካ በኋላ አባት በላፕቶፑ፥ ልጅ በስልኩ፥ እናትም በቴሌቪዥኑ ያንኑ አንድ ዲስክ በዋይፋይ ከፍተው የሠርጉን ፎቶግራፍ፥ መዝሙሩን፥ ፊልሙንና የትምህርት መጽሐፉን ማየትም ማኖርም ይችላሉ። ፊልም በፍላሽ አስጭኖ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞ መዞር ይቀራል። ብዙ ሰው በዋይፋይ የመጣ ነገር ሁሉ ፓኬጅ የሚበላ እየመሰለው ይህን ይፈራዋል፤ ነገር ግን በራውተሩና በስልኩ መካከል የሚመላለሰው ፋይል ከቤቱ ደጃፍ ስለማይወጣ ከፓኬጁ አንዲት ሜጋ ባይት እንኳ አይቀንስም፤ የውጭው መስመር ተቋርጦ በሰነበተበት ጊዜም፥ ውሃ በጠፋበት ሳምንት በጣራ ላይ ያለው ሮቶ ቤቱን እንደሚያጠጣ ሁሉ፥ ዲስኩ ማገልገሉን አይተውም። በእኔ አስተያየት የዚህ መሣሪያ ዋነኛ ጥቅም ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ ምራቂ ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት በቤት ያለውን መሣሪያ ገልብጦ ማየት ይቀድማል፤ የፋይበር መስመር ሲገባ አብሮ የሚሰጠው ሣጥን አንዳንዱ የዩኤስቢ መሰኪያ አለውና። መሰኪያው መኖሩ ብቻ ግን በቂ ምስክር አይሆንም፤ በአንዳንዱ ራውተር ላይ ሲም ካርድ ለሚገባበት ዶንግል ብቻ፥ በሌላው ደግሞ ለፕሪንተር ብቻ የተሠራ ይሆናልና፥ በመመሪያው ላይ ፋይል ሼሪንግ የሚል ቃል መጻፉን ማረጋገጥ ያሻል።

ወደ ፍጥነቱ ስንመጣ፥ በካርቶኑ ላይ በደማቅ ቀለም የሚታተመው 1200 የሚለው ቁጥር፥ የ2.4 ጊጋኸርዙ ሞገድ 300 እና የ5 ጊጋኸርዙ ሞገድ 867 ሜጋ ቢት ተደምረው የተጠጋጉበት ስለ ሆነ፥ አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ የሚያገኘው ፍጥነት አይደለም። ፋይሉ ከዲስክ ተነሥቶ ላፕቶፑ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ፍጥነቱን የሚወስኑት የዩኤስቢው ዓይነት፥ የራውተሩ ፕሮሰሰር፥ የኬብል መሰኪያውና ዋይፋዩ ሲሆኑ፥ ከእነዚህ ውስጥ እጅግ የዘገየው የሌሎቹንም ፍጥነት ይገድበዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 በሴኮንድ እስከ 480 ሜጋ ቢት፥ በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ እስከ 5 ጊጋ ቢት ያሳልፋል ይባላል፤ ሆኖም የራውተሩ የኬብል መሰኪያ 100 ሜጋ ቢት ብቻ ከሆነ፥ በኬብል ለሚገናኝ ኮምፒዩተር የዩኤስቢው ፈጣንነት ከንቱ ነው፤ 100 ሜጋ ቢት በሴኮንድ ከ12.5 ሜጋ ባይት አይበልጥምና፥ 4 ጊጋ ባይት የሚሆን ፊልም ለመቅዳት ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ፊልሙን ለማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን ይህም ከበቂ በላይ ስለ ሆነ፥ ለእንዲህ ያለው ቤት ውድ ራውተር አልመክርም። የብዙ ዓመት ፎቶግራፍና ቪዲዮ የሚያከማች ሰው ግን ዩኤስቢ 3.0 እና ጊጋ ቢት የኬብል መሰኪያ አንድ ላይ ያለው ይፈልግ።

ዩኤስቢ 3.0 የራሱ ጠንቅ አለው፤ ሥራ ላይ ሲሆን የሚያወጣው የሬዲዮ ሁካታ የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይን እንደሚያውክ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ገልጾታል። ዲስክ በተሰካ ቁጥር በጓዳ ያለው ስልክ ዋይፋይ የሚጠፋበት ሰው፥ ራውተሩ ተበላሸ ብሎ ከመፍረዱ በፊት ዲስኩን በደኅና ኬብል ከአንቴናው ራቅ አድርጎ ቢያስቀምጠው ብዙ ጊዜ ነገሩ ይስተካከላል።

አሁን ሻጮች ከቶ ወደማያነሡት ነገር ልግባ። ኮምፒዩተርና ራውተር ፋይል የሚለዋወጡበት ስልት ኤስኤምቢ ይባላል፤ የዚህም የመጀመሪያው ትውልድ እጅግ ያረጀና ለጥቃት የተጋለጠ ከመሆኑ የተነሣ፥ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተሠራጨው በዚሁ በኩል ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም አንደኛውን ትውልድ በራሱ መጫኑን ትቷል። ርካሽ ከሆኑት ራውተሮች አንዳንዶቹ ግን የሚያውቁት ይህን አንደኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢው ዲስኩን ሰክቶ፥ መብራቱ በርቶ፥ ሁሉም ደኅና መስሎት ሳለ፥ ኮምፒዩተሩ ማኅደሩን ከቶ ላገኘው አልቻልሁም ይለዋል። ዩቲዩብ ቢጠይቅ አሮጌውን ስልት ከኮንትሮል ፓነል መልሰህ ክፈተው ይሉታል፤ ይህ ምክር ችግሩን ቢፈታም የተዘጋውን የቫይረስ መግቢያ መልሶ የሚከፍት ስለ ሆነ፥ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ትውልድ የሚያውቅ ራውተር ከመጀመሪያው መምረጥ ይሻላል።

ስለ ዲስኩ፥ ፋት 32 በተባለው ፎርማት የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት ይህ ገደብ ባይኖርበትም በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ በቀላሉ ይታመማል፤ እንደ አገራችን ላለ መብራት ድንገት እልም ለሚልበት ቦታ ኤንቲኤፍኤስ ይመረጣል፤ ራውተሩ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም መቻሉን ግን መጠየቅ ነው። ዩኤስቢ 2.0 በደንቡ የሚሰጠው ኀይል 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ ለትንሹ ሃርድ ዲስክ አንዳንድ ጊዜ ስለሚያንሰው፥ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ አልነሣም ይላል። የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቅ ዲስክ ከዚህ ይድናል፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ እንዲያገለግል ለራውተሩ የተገዛው ሚኒ ዩፒኤስ ለእርሱ አይደርስለትም። ስለዚህ እኔ ኀይሉን ከራውተሩ የሚወስድ ኤስኤስዲ ወይም ትልቅ ፍላሽ እመርጣለሁ፤ ሚኒ ዩፒኤሱ ራውተሩን ሲያቆይ ማኅደሩንም አብሮ ያቆያልና። ይህም ሁሉ ሆኖ፥ ጠፍቶ የሚያስለቅስ ፎቶግራፍ ካለ በሌላ ዲስክ ቅጂው ይቀመጥ።

ጥበቃውን በሚመለከት፥ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 የአሱስ ኩባንያ ራውተሮች በነበረባቸው ክፍተት በኩል ከ12,900 በላይ ደንበኞች ዲስክ ውስጥ ሰርጎ ገቦች መግባታቸውን፥ ኩባንያውም በ2016 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ባደረገው ስምምነት ለ20 ዓመት በገለልተኛ መርማሪ እንዲታይ መገደዱን አስታውሳለሁ። ይህ የደረሰው ማኅደሩ ከቤት ውጭም እንዲከፈት በተደረገ ጊዜ ነው። ስለዚህ ኤፍቲፒ የሚባለውን የፋይል መለዋወጫ ስልትና ከውጭ መግቢያውን ዘግቶ፥ የራውተሩን የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ለውጦ፥ ለማኅደሩም የተለየ የይለፍ ቃል ማበጀት ይገባል። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ደግሞ፥ ጎረቤት ፓስወርዱን ሲጠይቅ እምቢ ማለት በባህላችን ከባድ ነውና፥ የእንግዳ ዋይፋይ የሚባለው ክፍል ያለው ራውተር ከኀፍረትም ከስጋትም ያድነዋል፤ ጎረቤቱ ኢንተርኔቱን ያገኛል፥ ዲስኩን ግን አያየውም።

ወደ መርካቶ ወይም ወደ መገናኛ ሱቆች የምትወርዱ አድማጮች፥ በኤንቲኤፍኤስ የተዘጋጀ፥ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ አንድ ፊልም የያዘ ፍላሽ በኪሳችሁ ያዙ፤ በስልካችሁም ቪኤልሲ የተባለውን የፊልም ማጫወቻ ጫኑ። ሻጩ ራውተሩን አስነሥቶ ፍላሹን ይሰካላችሁ፤ እናንተም ፊልሙን በስልካችሁ ከፍታችሁ ወደ መካከሉ አሻግሩት፥ ከዚያም ከስልካችሁ አንድ ፎቶግራፍ ወደ ፍላሹ ላኩ። ፊልሙ ሳይንገዳገድ ከሄደና ፎቶግራፉም ከገባ ዋጋ ተከራከሩ፤ ሻጩ ካርቶኑ አይከፈትም ካለ ግን፥ ካልሠራ እመልሳለሁ የሚለውን ቃሉን በደረሰኙ ላይ ያስፍርላችሁ።