የመተማው ሱቅ ቋሚ ንብረት

በመተማ ዮሐንስ አንድ ነጋዴ ለሽያጭ ያቀረበው ፍሪጅ ሸቀጥ ነው፤ ለስላሳ የሚያቀዘቅዝበት ግን ቋሚ ንብረቱ ነው። በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ የሚታየው የዚህ ፍሪጅ ቁጥር የገበያ ዋጋው አይደለም፤ ከተገዛበት ዋጋ የእርጅና ቅናሹ ሲነሣ የቀረው ነው። በ60,000 ብር ተገዝቶ 6 ዓመት ያገለግላል ከተባለ በየዓመቱ 10,000 ብር ይቀነሳል። የቆላው ሙቀት ዕድሜውን ካሳጠረው ግምቱም ማጠር አለበት፤ የደጋውን ዕድሜ ለመተማ መዋስ ትርፍን ማጋነን ነው። ሱቁ የቆመበት መሬትስ? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የነጋዴው ሀብት አይደለም፤ ሕንፃውና የሊዝ መብቱ ግን ይመዘገባሉ።

«ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተዳከመ ወዲህ የድሮ ዋጋ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃም ንብረትን እንደገና ማስገመትን ይፈቅዳል። ሆኖም ደረሰኝ በቀላሉ ይመረመራል፣ ግምት ግን ያከራክራል። ደግሞም ዋጋ ይወርዳል፦ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እንደፈነዳው የሱዳን ጦርነት ያለ ችግር ሲመጣ፣ ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ያለውን የገላባትን ገበያ ታምኖ የተሠራ መጋዘን ግድግዳው ሳይነካ ገቢው ሊደርቅ ይችላል። ያኔ መዝገቡ፣ መጋዘኑ በሥራም ሆነ በሽያጭ ከሚያስገኘው በላይ እንዲያሳይ አይፈቀድም።