ድግሱና ዕዳው
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተነገረ)



አንድ ከተማ የኦሊምፒክን ጨዋታ ማስተናገዱ ይጠቅመዋልን ወይስ ይጎዳዋል? ይህን ጥያቄ ዛሬ በአጭሩ ለመመዘን ቀርበናል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከካናዳው ሞንትሪያል እንጀምር። የከተማው ከንቲባ ዣን ድራፖ፣ ወንድ ልጅ ሊያረግዝ እንደማይችል ሁሉ ኦሊምፒክም ሊከስር አይችልም ብለው ነበር። ነገር ግን በ1976 ጨዋታው ሲደረግ የስታዲየሙ ማማ ገና አላለቀም ነበር፤ የተፈጸመውም በ1987 ነው። ዕዳው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ስለ ነበር፣ በትምባሆ ላይ በተጣለ ልዩ ግብር ጭምር ሲከፈል ኖሮ በ2006 አለቀ። በጨዋታው ዓመት የተወለደ ሕፃን ሠላሳ ዓመት ሞላው ማለት ነው። የአገራችን ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

የሎስ አንጀለስ ሕዝብ ግን አስቀድሞ ተጠነቀቀ። በ1978 ድምፅ ሰጥቶ፣ ተመላሽ የማይሆን የከተማ ገንዘብ ለኦሊምፒክ እንዳይወጣ በሕግ ከለከለ። አዘጋጆቹም በ1932 ኦሊምፒክ ባገለገለው ስታዲየም ተጠቀሙ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ማደሪያ ለስፖርተኞች ሰጡ፤ ከቴሌቪዥንና ከንግድ ድርጅቶች ገንዘብ ሰበሰቡ። በ1984 ጨዋታው ሲያበቃ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተረፈ። ይሁን እንጂ ተፎካካሪ ከተማ ስላልነበረው፣ ውሉን እንደ ፈቀደው ለመዋዋል መቻሉን አንዘንጋ።

«ጥቅም ሁሉ በገንዘብ አይቈጠርም» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1964 ዳግመኛ ድል ባደረገበት በጃፓን፣ ከቶኪዮ ኦሳካ የሚሄደው ፈጣን ባቡር ሥራ የጀመረው ጨዋታው ሊከፈት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነበር፤ ዛሬም ሕዝብ ያመላልሳል። ባርሴሎናም ለ1992 ጨዋታ ሲዘጋጅ የባሕሩን ዳርቻ ለነዋሪው ከፈተ። ነገር ግን ባቡሩም ሆነ የባሕሩ ዳርቻ፣ ጨዋታ ባይኖርም ለሕዝቡ የሚያስፈልጉ ነበሩ።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ውል መፈረም አይገባም እንላለን። አንደኛ፣ ድግሱ ባይኖር ይህን ሥራ እንሠራው ነበርን? ሁለተኛ፣ ኪሣራ ቢመጣ ከፋዩ ማን ነው? እርሱስ ተጠይቋልን?

የበጋው ኦሊምፒክ እስከ ዛሬ በአፍሪካ ምድር አልተደረገም። ተራው የደረሰ ዕለት ፈራሚዎቹም ሆኑ ከፋዮቹ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው ወገን ይሆናሉና፣ ከወዲሁ ሒሳቡን እንማር።