ሙሃጂሩ ሲከርም



የዛሬው ንግግራችን ቤት ንብረቱን ጥሎ ወደ ከተሞቻችን ስለሚጠጋ ሰው ነው። በተለይ ከሆለታ አንሥቶ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አድርጎ እስከ ባኮ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ለምትኖሩ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። ሌሎቻችሁም ብትሰሙት አይከፋም።

እንግዳ ባለመቀበል የምንታማ ሰዎች አይደለንም። አንድ ቤተሰብ ፍራሹን አሥሮ፣ ልጆቹን አስከትሎ አመሻሽ ላይ መናኸሪያ ሲወርድ ቢታይ ሻይ የሚያቀምስ፣ "ለዛሬ እኛ ዘንድ እረፉ" የሚል አይጠፋም። በየመስጂዱም ከጁሙዓ በኋላ ጨርቅ ይዘረጋል፣ ብር ይሰበሰባል። አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ያ ቤተሰብ ሦስት ወር ሲሆነው ማን ያስታውሰዋል? ሠላሳ ዓመት ሲሆነውስ ምን ብለን እንጠራዋለን? ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ይህ የአምቦ መንገድ ብዙ ተፈናቃይ ያየ መንገድ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን ባደቀቀ ጊዜ የደርግ መንግሥት በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜኑ የሀገራችን ክፍል አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደ። ከፊሉ በውዴታው፣ ከፊሉም ተገዶ ሄደ። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሰፈረው ወለጋ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ወደ ወለጋ የሚወስደው ዋናው መንገድ ደግሞ በአምቦ በኩል ያልፋል። ከተጓዦቹ መካከል የወሎ ሙስሊሞች እጅግ ብዙ ነበሩ። ስግሰጋ ይባል በነበረው የሰፈራ ዓይነት መጤው በነባሩ ገበሬ መካከል እንዲገባ ሲደረግ፣ ጎጆውን የሠራለት የአካባቢው ገበሬ ነው። ሥራው በመንግሥት ትእዛዝ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ጉርብትና፣ ቡና መጠራራቱ፣ መጋባቱ ግን በማንም ትእዛዝ አልነበረም።

ይሁንና ሠላሳ ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። አብዛኞቹ የእነዚያ የወሎ ሰፋሪዎች ቤተሰቦችና ልጆቻቸው ነበሩ፤ ሴቶችና ሕፃናት ይበዙባቸዋል። አላህ ይዘንላቸው። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ላም አግዶ ያደገ ልጅ እስከዚያች ቀን ድረስ "ሰፋሪ" ይባል ነበር። በእነዚያ ዓመታት ከወለጋ የተፈናቀሉ ብዙዎች እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደው መጠለያ ውስጥ ገቡ። አንዳንዶቹ ወላጆቻቸው በረሃብ ወደለቀቁት ወሎ፣ እነሱ ራሳቸው ወደማያውቁት አገር ተመለሱ።

ይህን ያነሣሁት ቁስል ለመቆስቆስ አይደለም። ግፉ በአንድ ወገን ላይ ብቻ የደረሰም አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኦሮሞዎች ተፈናቀሉ፤ በዚያው ግጭት ከኦሮሚያ የተባረሩ ሶማሌዎችም ነበሩ። ከጂጅጋና ከሌሎችም ቦታዎች ከወጡት ኦሮሞዎች ከፊሎቹ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ሲሰፍሩ፣ ከእነዚህ ከተሞች አንዷ በአምቦ መንገድ መግቢያ ላይ ያለችው ቡራዩ ናት። ቡራዩ ተቀበለች። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ግን በዚያችው ቡራዩ የጋሞ ተወላጆችና ሌሎችም ተገደሉ፣ ሺዎችም ተፈናቅለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ለአንዱ በር የከፈተች ከተማ ለሌላው እንዴት ዘጋች? እንግዳ ተቀባይነት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

የጋሞ አባቶችም በዚያው ሰሞን ያደረጉት አይረሳም። በቡራዩ የወገኖቹን መገደል የሰማው የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል በተነሣ ጊዜ፣ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። አጠገባቸው ሲኖር የኖረውን ሰው በሩቅ በተሠራ ወንጀል አሳልፈን አንሰጥም ማለታቸው ነበር።

ወደ ሲራው እንመለስ። የመዲና አንሷሮች ሙሃጂሮችን እንዴት እንደተቀበሉ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንዱን ሙሃጂር ከአንዱ አንሷሪ ጋር በስም አወንድመው አጣመሯቸው። የቀድሞውን "አንድ ለአምስት" አደረጃጀት ማለቴ አይደለም፤ ያ ሌላ ነው። ይህ እውነተኛ ወንድማማችነት ነበር፤ የውርስ ሕግ እስኪደነገግ ድረስም ይወራረሱ ነበር። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ካለው ሀብት ግማሹን ሊሰጠው ሲያቀርብለት፣ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ዱዓ አድርጎለት ገበያው በየት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳየው ጠየቀ። በአይብና በቅቤ ንግድ ጀመረ። በኋላ ከሰሐቦች ሁሉ ባለጸጋ ከሚባሉት አንዱ ሆነ።

ታሪኩን ስንተርክ ብዙ ጊዜ የዐብዱረሕማንን ጨዋነት አድንቀን እናልፋለን። ገበያው ለመጤ ክፍት መሆኑን ግን አናስተውልም። ዛሬ በአምቦ ወይም በጉደር ገበያ አንዲት ተፈናቃይ እናት ሽንኩርትና ቃሪያ ዘርግታ ጉልት ልትቀመጥ ብትፈልግ፣ ቦታ ማን ያስይዛታል? የመጀመሪያውን ጆንያ በዱቤ ማን ይሰጣታል? በየከተማው ሱቅና መጋዘን ያላችሁ ወንድሞች፣ ይህ በእናንተ እጅ ያለ ነገር ነው። አንድ ጆንያ በዱቤ መስጠት ከአሥር ኪሎ ዱቄት ሰደቃ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ሌላም አለ። ከበኒ ሙስጠሊቅ ዘመቻ ሲመለሱ ውኃ ላይ ሁለት ሰዎች ተጣሉ፤ አንዱ ከሙሃጂሮች፣ አንዱ ከአንሷሮች ወገን። አንዱ ሙሃጂሮችን፣ ሌላው አንሷሮችን ለድረሱልኝ ተጣራ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ የጃሂሊያ ጥሪ መሆኑን ነግረው አጥብቀው ገሠጹ። ልብ በሉ! ሁለቱም ስሞች አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣን ያወደሳቸው ስሞች ናቸው። ነገር ግን ለጠብ ሲጠሩ ገሙ። ጠቡ የጀመረው ደግሞ በውኃ ነው! ጄሪካን ይዞ ቦኖ ላይ ተራ የጠበቀ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሆን አይጠፋውም። "ከየት የመጣሽ ነሽ ደግሞ!" የምትለው ቃል መጀመሪያ የምትሰማው እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ልጆቻችን አጠገባችን ቆመው ይሰሙናል።

የሐበሻውን ነጃሺንም ስናነሣ የምናወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለዚያች አንዲት ቀን ነው፤ ጃዕፈር (ረ.ዐ) በንጉሡ ፊት ስለቆመባት፣ የቁረይሾች ስጦታ ስለተመለሰባት ቀን። ትልቅ ቀን ናት። ነገር ግን ጃዕፈርና ባልደረቦቹ ወደ መዲና የሄዱት በሂጅራ አቆጣጠር በ7ኛው ዓመት ነው። ስለዚህ ከስደተኞቹ ከፊሎቹ በሀገራችን አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ኖረዋል። ልጆች ወልደዋል፤ የጃዕፈር ልጅ ዐብዱላህ የተወለደው እዚሁ ነው። ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ባሏ በስደት ሞቶባት ብቻዋን በቀረች ጊዜ፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ኒካሕ ያሰረላትና መህሩን ከራሱ የከፈለው ነጃሺ ነው። የስደተኛዋን የኑሮ ጉዳይ እንደ ቤተ ዘመድ ተከታትሏል ማለት ነው። በሩን ሲከፍትላቸውም የእሱን ሃይማኖት ይከተሉ እንደሆነ አልጠየቀም፤ ክርስቲያን ንጉሥ ነበር። ስለዚህ አንድ ጋሞ ክርስቲያን ሸማኔ ወይም አንዲት የጴንጤ ቤተሰብ በራችንን ቢያንኳኩ፣ መጀመሪያ እምነታቸውን መጠየቅ ከእኛ አይጠበቅም። የነጃሺ ውለታ አለብን።

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ያለን ሙስሊሞች ቁጥራችን ጥቂት ነው። የአካባቢው ተወላጅ አለን፤ አባቱ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከወሎ ወይም ከጅማ ለንግድ መጥቶ የቀረም አለን። ያ አባት ሲመጣ ቤት ያከራየው፣ ዋስ የሆነው ሰው ነበር። የኦሮሞም ሥርዓት ቢሆን መጤን ወገን ማድረግ ያውቃል። ጉዲፈቻን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሞጋሳ ደግሞ ትልቁን ሰው፣ አንዳንዴም ጎሳን ሙሉ ወስዶ የራስ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። የተሞገሰ ሰው መብቱም ግዴታውም እንደ ተወላጁ ይሆናል። እንግዲህ "መጤ" የሚለው ስድብ ከሃይማኖታችንም ከባህላችንም የተገኘ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በሕጉ ስደተኛና ተፈናቃይ ይለያያሉ። ድንበር ተሻግሮ የመጣው ደቡብ ሱዳናዊ፣ ሶማሊያዊ፣ ኤርትራዊ ወይም በ2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ በመተማና በኩርሙክ የገባው ሱዳናዊ ስደተኛ ይባላል፤ አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም የመሥራት፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈት፣ የልጁን ልደት የማስመዝገብ መብት በየሁኔታው ያስቀምጥለታል። ከወለጋ ወይም ከዚሁ ከምዕራብ ሸዋ ገጠር በግጭት ተነሥቶ አምቦ የተጠጋው ሰው ግን ዜጋ ስለሆነ ተፈናቃይ ነው። ሁሉም መብት አለው ይባላል፤ መብቱን የሚያገኝበት ወረቀት ግን ቤቱ ውስጥ ቀርቷል። መሸኛ የለውም፤ መሸኛ የሚጽፍለት ቀበሌም ምናልባት ተዘግቷል። ያለ መሸኛ መታወቂያ አያገኝም፤ ያለ መታወቂያ የሚያከራየው፣ የሚቀጥረው የለም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ብር አይደለም። አብሮት ቀበሌ ሄዶ "እኔ አውቀዋለሁ፣ እመሰክራለሁ" የሚል ሰው ነው። የጀማዓ ሽማግሌዎች ይህን ሥራ ቢይዙት ከብዙ መዋጮ ይበልጣል።

የልጆቹም ነገር እንዲሁ ነው። የትምህርት ማስረጃ ያላመጣ ልጅ ቤት ይውላል፣ ከዚያ ጫማ ጠራጊ ይሆናል፣ ከዚያ ትምህርቱ ይረሳል። በአማርኛ ሲማር የነበረ ልጅ አፋን ኦሮሞ በሚያስተምር ክፍል ሲገባ ግራ ይገባዋል። በመድረሳችን ከቁርኣኑ ጎን በሳምንት ሁለት ቀን ቋንቋ የሚያስጠና አንድ ተማሪ ቢገኝ ምን ይከብዳል? የዩኒቨርሲቲ ከተማ ላይ ነው ያለነው።

ስለ ዘካም አንድ ነገር ልበል። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ኢብኑ ሰቢል፣ መንገደኛው ነው። በሀገሩ ሀብት ቢኖረውም ከሀብቱ የተቆረጠ ሰው ይገባዋል። "እሱ እኮ ሃያ ላም የነበረው ነው" ብሎ የሚከለክል ሰው አለ። ላሞቹ የት እንዳሉ ይጠይቅ! ደግሞም ለሰደቃ ብለን የምናወጣውን ልብስ እንመልከተው። አንድ እግር ጫማ፣ ዚፑ የተበጠሰ ጃኬት ሰብስቦ መስጠት ቤት ማጽዳት ነው እንጂ ሰደቃ አይባልም። ስንሰጥ ፎቶ የማንሣቱ ልማድም ይቅር። ያቺ እናት ነገ ገበያ ላይ ከእኛ ጋር ዋጋ የምትከራከር ሰው ናት፤ ፊቷን ለሰው ሁሉ አናሳይባት።

እናቶች፣ እናንተ ዘንድ ያለው ድርሻ ይበልጣል። ለቡና ጥሯት። እሷም ስትጠራችሁ ስኒዋ ጎዶሎ ቢሆን ሂዱላት። እድር ስትገባ የመግቢያውን ክፍያ በየወሩ እንድትከፍል ተነጋገሩላት፤ ሰው ባዳ አገር ላይ ከሁሉ የሚፈራው ቀባሪ ማጣትን ነው።

በመጨረሻ፣ በየመስጂዳችሁ የመዋጮ መዝገብ ስታወጡ የተፈናቃዩን ስም በተቀባዮቹ ዝርዝር ላይ ብቻ አትጻፉት። ስድስት ወር ሲሞላው አምስት ብርም ቢሆን ይዞ ይመጣል። ተቀበሉት፣ ከሰጪዎቹም ዘንድ ጻፉት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።