ስኳር ሲወርድ ምን እናድርግ?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ስኳር በሽታ ነው። ስለ በሽታው ሁሉንም አንዘረዝርም። ኢንሱሊን የሚባለውን መድኃኒት በመርፌ የሚወስድ ሰው ስኳሩ በድንገት ቢወርድ ምን እንደምናደርግ ብቻ እንነጋገር። ነገሩ ቤተሰብንም፣ ጎረቤትንም፣ የደቦ ጓደኛንም ይመለከታል። ለምን ቢባል፣ ስኳሩ በጣም የወረደበት ሰው ራሱን መርዳት ያቅተዋል።

የበላነው እህል ወደ ስኳርነት ተለውጦ ከደም ጋር ይዞራል። ኢንሱሊን ያንን ስኳር ከደም ወደ ሰውነት ያስገባል። የጤነኛ ሰው ሰውነት ኢንሱሊንን ራሱ ይሠራል። ሰውነቱ መሥራት ያቃተው ግን በመርፌ ይወስዳል። መርፌው የሰው ሕይወት ማዳን የጀመረው በ1914 ዓ.ም. በካናዳ አገር ነው። ስለዚህ መርፌውን በገዛ ፈቃድ መተው አደጋ አለው።

ታዲያ ስኳር የሚወርደው መቼ ነው? መርፌ ተወግቶ ምግብ ሲዘገይ ነው። ሳይበሉ ሲያርሱ፣ ሲያጭዱ ወይም ሩቅ መንገድ ሲሄዱ ነው። በባዶ ሆድ አረቄ ወይም ጠላ ሲጠጡ ነው። ከታዘዘው በላይ ሲወጉም ነው።

ምልክቱስ? ሰውየው ያልበዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ይርበዋል፤ ዓይኑ ብዥ ይልበታል። ከዚያ ይዘባርቃል፤ ያለ ምክንያት ይቆጣል። ካልተረዳ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ሊሞትም ይችላል። ሰው ግን «ሰክሯል» ወይም «ለክፎታል» ይላል። ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫው ላይ ያደርጋል። ይህ አያድነውም፤ ጊዜ ያባክናል እንጂ።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ፦

1ኛ. ሥራውን ትቶ ይቀመጥ። 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠን እናጠጣው። ስኳር ከሌለ 1 የሾርባ ማንኪያ ማር ይበቃል። እንጀራና ቆሎ ቶሎ ስለማይደርሱለት መጀመሪያ አይሰጡም።

2ኛ. 15 ደቂቃ እንጠብቅ። ካልተሻለው ያንኑ ያህል እንድገምለት።

3ኛ. ሲሻለው ምግብ ይብላ። አለዚያ ስኳሩ ተመልሶ ይወርዳል።

4ኛ. ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አንጨምር። ውሃም ማርም ሊያንቀው ይችላል። በጎኑ አስተኝተን ፈጥነን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

«ለስኳር በሽተኛ እንዴት ስኳር ይሰጣል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። በዚያች ሰዓት ግን መድኃኒቱ ስኳር ነው። ስኳሩ ይውረድ ይውጣ ባናውቅም፣ ሰውየው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ እንስጠው። ስኳሩ ወጥቶ ከሆነ ያቺ ጥቂት ስኳር ብዙ አትጨምርበትም። ወርዶ ከሆነ ግን ቆመን የምንከራከርበት ጊዜ የለም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና አስቀድመን እንጠንቀቅ። ምግቡ ሳይቀርብ መርፌ አይወጋ። ወደ እርሻ ሲሄዱ ስኳር በጨርቅ ቋጥሮ መያዝ ያስፈልጋል። መጾም የሚፈልግ አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ያማክር። ስኳሩ ቶሎ ቶሎ የሚወርድበትም እንዲሁ፤ የመርፌው መጠን መስተካከል ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ማንበብና መጻፍ ይጠቅመናል። በኢንሱሊኑ ብልቃጥ ላይ 100 ተብሎ ከተጻፈ፣ በመርፌውም ላይ 100 መጻፉን እናንብብ። ቁጥሮቹ ከተለያዩ አንውጋ፤ እንጠይቅ። መለኪያ ያለው ሰው ከ70 በታች ካነበበ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው።

ደግሞም በሽተኛው በትንሽ ወረቀት ላይ እንዲህ ብሎ ይጻፍና በኪሱ ይያዝ፦ «የስኳር በሽተኛ ነኝ። ኢንሱሊን እወጋለሁ። ስዘባርቅ ካያችሁኝ ስኳር በውሃ ስጡኝ። ራሴን ከሳትሁ ምንም ሳታጠጡኝ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱኝ።» መጻፍ ለማይችል ጎረቤቱ ይጻፍለት። መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ያገኘም ኪሱን ይመልከት፤ ወረቀቱን ያንብብ።