«ዛሬ ና፣ ነገ አትምጣ»፦ በኢንዱስትሪያል ኤሪያ የቀን ሠራተኛ መብት

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ማኅበሩ ታሪክ የሚናገር ሞልቷል፤ አንተ ስለ ሥራ ንገረን» ሲለኝ በደስታ ተቀበልኩ። ምክንያቱም ይህ ማኅበር የቆመው በሠራተኛ መዋጮ ነው። የታመመ የሚታከመው፣ ያዘነ የሚጽናናው፣ የሞተ በወግ የሚሸኘው በየመጋዘኑ፣ በየፋብሪካውና በየምግብ ቤቱ ከሚለፋ ሰው ኪስ በሚወጣ ሽልንግ ነው። ያ ሰው ነገ ሥራ ይኑረው አይኑረው ሳያውቅ ከተኛ፣ ማኅበሩም ነገውን አያውቅም ማለት ነው።

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። የምናገረው በሥራ ላይ ካየሁትና ኋላ ሕጉን አንብቤ ከተረዳሁት ነው። አንድ የአገራችን አዋጅ ካልሆነ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኢንዱስትሪያል ኤሪያን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ካምፓላ እንደመጣሁ የምኖረው ናሙዎንጎ ነበር። ጎህ ሳይቀድ የባቡሩን ሐዲድ ተሻግሬ ከብዙ ሰው ጋር በእግር ወደ መጋዘኖቹ እሄድ ነበር። በሩ ላይ እንቆማለን። ካቦው ይወጣና በጣቱ እየጠቆመ «አንተ፣ አንተ፣ አንቺ» ይላል፤ የቀረነው እንመለሳለን። ከለመዱኝ በኋላ ደግሞ ነገሩ በስልክ ሆነ። «ዛሬ ና» ካሉኝ እሄዳለሁ፤ ስልኩ ካልጮኸ እቤቴ እውላለሁ። በሳምንት አንዳንዴ ስድስት ቀን፣ አንዳንዴ አንድ ቀን እሠራለሁ። ሌላ ሥራ እንዳልይዝ «ስንጠራህ ካልመጣህ በቃ» ተብያለሁ። የቤት ኪራዩ ግን ስልክ ተደወለ አልተደወለ በወሩ ይጠየቃል።

በዚህ ሁኔታ አሥራ አንድ ወር ሠራሁ። አንድ ቀን ጆንያ ስናወርድ ክምሩ ተንዶ እግሬን መታኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እያነከስኩ ስመለስ ኃላፊው «አንተ የእኛ ሠራተኛ አይደለህም፤ ስምህ መዝገብ ላይ የለም» አለኝ። እውነትም ስሜ የትም አልነበረም። እኔም የሠራሁበትን ቀን አልጻፍኩም፤ የተከፈለኝንም አልቆጠርኩም። ዝም ብዬ ወጣሁ።

አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ኡጋንዳዊ ባልደረባዬም በዚያው ሰሞን ተሰናበተ። እሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በተማሪ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር፦ ቀኑን፣ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት፣ የጠራውን ሰው፣ የተከፈለውን ገንዘብ። በሞባይል መኒ የተላከለትንም መልእክት አላጠፋም። ደብተሩን ይዞ ወደ ሌበር ኦፊሰር ሄደ። ድርጅቱ ተጠርቶ ብዙም ሳይከራከር የዓመት ዕረፍቱንና የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ገንዘብ ከፈለው። ሁለታችንም የሠራነው አንድ ሥራ ነው፤ የነበረንም መብት አንድ ነው። የለየን ያ ደብተር ነበር። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለካ ለእኔም ኖሯል።

አሁን ወደ ሕጉ ልመለስ። በለንደንና በሌሎች ከተሞች ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ዓይነቱን ሥራ «ዜሮ ሰዓት ኮንትራት» ይሉታል። አሠሪው አንድም ሰዓት ሥራ ለመስጠት ቃል አይገባም፤ ሠራተኛው ግን ሲጠራ እንዲገኝ ይጠበቃል። እንግሊዝ በ2015 ባወጣችው ሕግ፣ ሰዓት ያልተረጋገጠለትን ሠራተኛ «ሌላ ቦታ እንዳትሠራ» ብሎ በውል ማሰር ቀረ። ኒውዚላንድም በ2016 ሕጓን አሻሽላ፣ አሠሪው ምንም ሰዓት ሳያረጋግጥ ሠራተኛው ሁልጊዜ ዝግጁ ሆኖ እንዲጠብቅ ማስገደድን ከለከለች። በካምፓላ ስሙ የቀን ሥራ ወይም «ካዡዋል» ነው እንጂ ነገሩ ከዚያ አይርቅም።

የኡጋንዳ የሥራ ሕግ የወጣው በ2006 ሲሆን ማስፈጸሚያ ደንቡ በ2011 ወጥቷል። ደንቡ የቀን ሠራተኛ የሚለው በቀን ወይም በሰዓት የሚሠራና ክፍያው በየቀኑ ሥራው ሲያበቃ የሚገባውን ሰው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሁላችንም በቃላችን ልንይዘው የሚገባ ነገር ይናገራል፦ ማንም ሰው ከአራት ወር በላይ በቀን ሠራተኛነት ሊቀጠር አይችልም። አራት ወር ሳያቋርጥ የሠራ ሰው የቀን ሠራተኛ መሆኑ ይቀራል፤ የጽሑፍ ውል ሊሰጠው ይገባል፤ ሌሎች ሠራተኞች ያላቸው መብትና ጥቅም ሁሉ ለእሱም ይሆናል።

ይህ ከሆነ ዘንድ ምን ምን ያገኛል? ዋና ዋናዎቹን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ዕረፍት። በየአራት ወሩ የሰባት ቀን፣ በዓመት ሃያ አንድ ቀን ከክፍያ ጋር። ይህ ስድስት ወር ላገለገለና በሳምንት 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ነው። ስለዚህ ግማሽ ቀን የምትሠሩ እህቶቼ «እኔ ሙሉ ቀን ስለማልሠራ አይመለከተኝም» አትበሉ፤ ሰዓታችሁን ደምሩት።

ሁለተኛ፣ የሥራ ሰዓት። መደበኛው በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ለሆነው የሰዓቱ ክፍያ አንድ ተኩል፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ እጥፍ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ማስጠንቀቂያ። ከስድስት ወር በላይ እስከ አንድ ዓመት ለሠራ ሁለት ሳምንት፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ለሠራ አንድ ወር።

አራተኛ፣ የጡረታ ቁጠባ። ለብሔራዊ የማኅበራዊ ዋስትና ፈንድ ሠራተኛው ከደመወዙ 5 በመቶ፣ አሠሪው 10 በመቶ ያዋጣሉ። ቀድሞ ከአምስት ሠራተኛ በታች ያለው አሠሪ አይገደድም ነበር፤ በ2022 ሕጉ ሲሻሻል ግን አንድ ሠራተኛ ያለውም ገባበት።

አምስተኛ፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት። ይህ ከ2000 ጀምሮ የራሱ ሕግ ያለው ሲሆን ካሳው የአሠሪው ግዴታ ነው። የተጎዳ ሰው ሳይውል ሳያድር ለአሠሪው ያሳውቅ፤ የሐኪም ወረቀቱንም ይያዝ። እኔ ያላደረግኩት ይህንን ነው።

ከእነዚህ ሌላ ሕጉ አሠሪው በውሉ ላይ በግልጽም ሆነ በተዘዋዋሪ በታወቀው የሥራ ቀን ቁጥር ልክ ለሠራተኛው ሥራ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ ውል ስትዋዋሉ «ደመወዙ ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ፤ «በሳምንት ስንት ቀን?» ብላችሁ አጽፉ። የቀኑ ቁጥር ያልተጻፈበት ውል ደመወዙ ቢያምርም ባዶ ሊሆን ይችላል። በተለይም ዝቅተኛውን የሚጠብቅልን ሌላ ነገር የለም፤ የኡጋንዳ ዝቅተኛ ደመወዝ በ1984 በወር 6,000 ሽልንግ ተብሎ ከተወሰነ በኋላ ሳይለወጥ ቆይቷል። ፓርላማው በ2019 አዲስ ረቂቅ ቢያጸድቅም ፕሬዚዳንቱ ሳይፈርሙበት ቀርተዋል።

«ውሌ በቃል ነው፤ ምን መብት አለኝ?» የሚል ይኖራል። በቃል የተደረገ የሥራ ውል እዚህም ውል ነው። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ባለመሆኑ ብቻ ሠራተኛው መብቱን እንደማያጣ ይናገራል። ችግሩ የማስረጃ ነው። አንዳንድ አሠሪ አራተኛው ወር ሲቃረብ ሠራተኛውን ጥቂት ቀን አሰናብቶ «እንደ አዲስ ና» ይለዋል። ይህንንም ጻፉት። የተሰናበታችሁበትና የተመለሳችሁበት ቀን ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነገሩ ራሱ ይናገራል።

«ወረቀቴ እንዳይነካብኝ» ብሎ የሚፈራም አለ። በ2006 የወጣው የስደተኞች ሕግ የስደተኛነት ዕውቅና ያገኘ ሰው ሥራ የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል። ሌሎቻችን የሥራ ፈቃድ ያስፈልገናል፤ እሱን በጊዜው ማሳደስ ነው። ፍርሃት በራሱ ግን የማንንም ወረቀት አስተካክሎ አያውቅም።

አቤቱታ የሚቀርበው ለሌበር ኦፊሰር ነው። ያላግባብ የተሰናበተ ሰው ቢያንስ 13 ሳምንት ያለማቋረጥ ሠርቶ ከሆነ፣ በሦስት ወር ውስጥ ማመልከት አለበት። እኔ ይህን ያወቅሁት ሦስቱ ወር ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን የመጨረሻውን ልናገር፤ ቅር የሚለው ቢኖር አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሌላ ሰው መጋዘን ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን ከዚያው ከኢንዱስትሪያል ኤሪያ ዕቃ የምታወጡ ነጋዴዎች፣ ምግብ ቤትና ሱቅ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች አላችሁ። ለስንቱ አዲስ መጤ የመጀመሪያ እንጀራ የሆናችሁት እናንተ ናችሁ፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን «የአገሬ ልጅ ነው፣ ወረቀት ምን ያደርግልናል» እየተባለ ዓመት ሙሉ በስልክ እየተጠራ የሚሠራ ልጅ በእናንተም ዘንድ አለ። የአገር ልጅነት ለውል ምትክ ሊሆን አይገባውም። እንዲያውም ውሉን ለመጻፍ ከማንም በፊት ሊያስቀድመን የሚገባው እሱ ነው። በሁለታችሁም ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ፣ የተጀመረበት ቀን፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ክፍያው ስንት፤ ይኸው ነው።

ማኅበራችንም አንድ ነገር ቢያደርግ እወዳለሁ። ለአዲስ አባል የመታወቂያ ደብተር ስንሰጥ አብረን አንድ ባዶ ደብተር እንስጠው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ቀን፣ የገባሁበት፣ የወጣሁበት፣ የጠራኝ፣ የተከፈለኝ» ብለን እናስምርለት። ዋጋው ከአንድ ኩባያ ሻይ ብዙም አይበልጥም። እኔ በጊዜው ቢኖረኝ ኖሮ ያን ቀን በዝምታ አልወጣም ነበር።